ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ያገኘ አንባቢ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እህቴ ከዚራ አካባቢ ካሉ ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጮች የጄኒ ሃንን «ፒ.ኤስ. አይ ስቲል ላቭ ዩ» ገዝታ መጥታለች። የአንድ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል መሆኑን ያወቅነው ቤት ከገባ በኋላ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ፈልገን አላገኘንም። እርሷ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ፊልም ስላየች «ታሪኩን አውቀዋለሁ» ብላ ልትጀምረው ቸኩላለች። ፊልሙን ማየቷ ይበቃታልን? ያነበባችሁ ብትመክሩን፤ መጨረሻውን ግን እባካችሁ አትንገሩብን።

መልስ 1 (ከሐረር)፦
እህትዎ ፊልሙን ብቻ ይዛ ከገባች ገና ከመነሻው ግራ ትጋባለች። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ላራ ጂን ለወደደቻቸው አምስት ልጆች ጽፋ የደበቀቻቸው ደብዳቤዎች ሳታውቅ ተልከውባት፣ ከልጆቹ አንዱ ከሆነው ከፒተር ጋር የውሸት ፍቅረኛ መሆኗ በፊልሙም በመጽሐፉም አለ። ነገር ግን ፊልሙ ሁለቱን አስታርቆ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደተኳረፉ፣ እርሷ ደብዳቤ ልትጽፍለት ስትቀመጥ ያቆማል፤ እርቁም ለሁለተኛው ክፍል ተላልፏል። በሙቅ ውኃው ገንዳ ውስጥ የተቀረጸባቸው ቪዲዮም በፊልሙ ቀደም ብሎ ይሰራጫል፤ በመጽሐፍ ግን ጣጣው የሚመጣው እህትዎ አሁን በያዘችው ክፍል ነው። ደብዳቤ ከተላከላቸው ልጆች ሌላው፣ ጆን አምብሮዝም በፊልሙ ማብቂያ አበባ ይዞ በር ላይ ይቆማል እንጂ፣ በመጽሐፉ የሚመጣው በፖስታ የተላከ መልሱ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች አስቀድመው ከነገሯት ያለ ችግር ትቀጥላለች፤ ይህም መጨረሻውን አያበላሽባትም።

መልስ 2 (ከድሬዳዋ)፦
እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው እስኪገኝ ብትጠብቅ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ላራ ጂን ስኮትላንድ ለትምህርት ከሄደችው ታላቅ እህቷ ከማርጎት ጋር ያላት ነገር፣ በተለይም የማርጎት ፍቅረኛ ከነበረው ከጆሽ ጋር የተያያዘው፣ በፊልሙ ተጣድፎ ያለፈ ነው። ለእኔ ልብ የሚነካው ክፍልም ይኸው የእህትማማቾቹ ጉዳይ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛውስ ይከብዳት ይሆን?

መልስ 3 (ከሐረር፣ መምህርት)፦
ወንድሜ፣ በዚህ አይስጉ። ላራ ጂን በራሷ አንደበት፣ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ የምትተርከው ነው፤ ምዕራፎቹም አጫጭር ስለሆኑ ተማሪ አይሰለችም። ያልገባትን ቃል ሁሉ በመዝገበ ቃላት እየፈለገች ንባቧን አታቋርጥ፤ ምዕራፉን ጨርሳ ደጋግሞ ያጋጠማትን ብቻ ትመልከት። ይልቅ የሚከብዳት ልማዱ ሊሆን ይችላልና፣ የሞተችው እናታቸው የኮሪያ ተወላጅ እንደነበረች ንገሯት። ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ልጆቹ ሃንቦክ የሚባለውን ባህላዊ ልብስ ለብሰው ለአዲስ ዓመት ለታላላቆቻቸው ጎንበስ ብለው ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የእኛ ልጆች በእንቁጣጣሽ «አበባየሆሽ» ብለው ብር እንደሚቀበሉት ዓይነት ነው። ሁለተኛውን ፊልም ግን መጽሐፉን ሳትጨርስ እንዳታይ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው እርሱ የጆን አምብሮዝን ታሪክ በሌላ መንገድ ይነግረዋል።

መልስ 1 (ከሐረር)፦
ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል «ኦልዌይስ ኤንድ ፎርኤቨር፣ ላራ ጂን» ይባላል፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ቢያገኙት ግዙላት፤ ነገር ግን የጀርባ ሽፋኑን ሳታነብ ይቀመጥላት፤ የሁለተኛውን መጨረሻ ከዚያ ላይ ትረዳዋለች።