ትርፍ የልብስ ቁልፎችን ለያይቶ ስለማስቀመጥ

ጥያቄ፦
ከአዲስ ልብስ ጋር በትንሽ ላስቲክ ታሽገው የሚመጡትንም ሆነ ካረጁ ሸሚዞችና ኮቶች ላይ የፈታኋቸውን ቁልፎች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማለሁ። አንዱ በተበጠሰ ቁጥር የሚመስለውን ለማግኘት ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ ግድ ሆኖብኛል። በቀለም ብለያቸው ይሻላል ወይስ በመጠን? የቆዩትን ከአዲሶቹ ጋር መቀላቀልስ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

ክርና መርፌ፦
በቀለም መለየት ለዓይን ደስ ቢልም ለሥራ እምብዛም አይረዳም፤ ነጩ ብቻውን ዕቃውን ይሞላዋልና። ከአንድ ልብስ የወጡትን በአንድ ክር ሰክተው ይቋጥሯቸው፤ ስድስት ተመሳሳይ ቁልፍ አንድ ሸሚዝ ሲያድን፣ የተበታተነ ስድስት ቁልፍ ግን ለምንም አይሆንም። ነጠላ የቀሩትን በመጠን ይለዩ። በሙያው የቁልፍ ስፋት የሚለካው ሊኝ በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ 40 ሊኝ አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው የሸሚዝ ቁልፍ 18 ሊኝ፣ የኮት የፊት ቁልፍ ደግሞ 32 ሊኝ አካባቢ ስለሆነ በማስመሪያ ለክቶ መለየት አይከብድም።

የድሮ ዕቃ ወዳጅ፦
ስለቆዩት ለጠየቁት፣ አዎ፣ ጉዳት አለው። በተለይ ሴሉሎይድ የተባለው ጥንታዊ ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ትነት ስለሚያወጣ፣ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ አብሮት ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ ከዛጎል የተሠራውንም ያበላሸዋል። የካምፎር ሽታ ያለው፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ሲነኩት የሚያጣብቅ ቁልፍ ካገኙ በወረቀት ፖስታ አድርገው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለብቻው ያኑሩት። ምንነቱን ለማወቅ በጋለ መርፌ መውጋት የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ሴሉሎይድ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ ይህን ምክር ባይሰሙ እመርጣለሁ። ከወተት ፕሮቲን የሚሠራው ኬዚንም ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ፣ አሮጌ ቁልፍ ከመዘፍዘፍ ይልቅ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ክርና መርፌ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከልብሱ ውስጠኛ ስፌት ላይ ተሰፍቶ የመጣውን ትርፍ ቁልፍ ፈትተው ቆርቆሮ ውስጥ አይክተቱት፤ እዚያው ከልብሱ ጋር እየታጠበ ከቆየ፣ በሚፈለግበት ቀን ቀለሙ ከሌሎቹ ብዙ አይለይም። በላስቲክ ታሽጎ የመጣውን ግን የየትኛው ልብስ እንደሆነ ላስቲኩ ላይ ይጻፉበት።