ኤግዚቢሽን ላይ ያለ ክፍያ ለመገኘት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦

የተከበራችሁ የመንዝና የአካባቢው የበግ አርቢዎች፣ ፈታዮችና ሸማኔዎች፣ ባለፈው ስብሰባ በእንጥልጥል የቀረው አዲስ አበባ በሚካሄዱ የእንስሳት ሀብትና የዕደ ጥበብ ኤግዚቢሽኖች ላይ እንዴት እንገኝ የሚለው ጉዳይ ነበር። የራሳችንን የማሳያ ቦታ ለመከራየት የማኅበሩ ካዝና አይፈቅድም። ይህ ማለት ግን ከበሩ ውጭ እንቀራለን ማለት አይደለም። ረቂቁን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፤ የሚቆረጠውን ቁረጡ፣ የሚጨመረውን ጨምሩ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በበዓል ሰሞን የሚዘጋጀው ባዛርና የንግድ ኤግዚቢሽን አንድ አይደሉም። ባዛር የሚመጣው ሸማች ነው፤ አንድ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ገዝቶ፣ መርቆ ይሄዳል። የንግድ ኤግዚቢሽን የሚመጣው ሆቴል የሚያስጌጥ፣ ምንጣፍ የሚያሠራ፣ አውራ በግ የሚፈልግ፣ መኖ የሚያቀርብ፣ ጥናት የሚያጠና ሰው ነው። እኛ የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ከእሱ ጋር አንድ ጊዜ ከተዋወቅን ሥራው ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

መግቢያውን በተመለከተ፣ የንግድ ኤግዚቢሽን አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ በኢንተርኔት የተመዘገበን የሙያ ሰው በነፃ ያስገባሉ፤ ሳይመዘገብ በር ላይ የደረሰው ይከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ቀድሞ መመዝገብ ብቻ ነው። ማሳያውን መጎብኘትና በጎን የሚካሄደውን ጉባኤ ተቀምጦ መከታተል ግን የተለያዩ ናቸው። ጉባኤው የራሱ ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ በጉልበታችንና በዕውቀታችን የምንገባባቸው መንገዶች አሉ፦ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል፣ ቦታ የተከራየ ድርጅትን ማገዝ፣ በጉባኤው ላይ ልምድ ማቅረብ። የትኛው ለማን እንደሚሆን አብረን እንወስን።

አባል፣ ሞላሌ (ፈታይ)፦

ጸሐፊያችን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የምለው ከመግቢያው በፊት ማን ይሂድ የሚለው ይቅደም። ሱፉን የምንሸልተው፣ የምናጥበው፣ በደጋን የምንነድፈው፣ በእንዝርት የምንፈትለው እኛ ነን። ከገበያ በኋላ ግን የት እንደሚደርስ አናውቅም። ነጋዴው ይመጣል፣ በእጁ መዝኖ ዋጋውን ይናገራል፣ ይዞ ይሄዳል። ጥቁሩን ፈትል ለምን እንደሚመርጥ ጠይቄው አልነገረኝም። ይህን የሚነግረኝ የመጨረሻው ገዢ ነው፤ እሱን ደግሞ ፊት ለፊት አግኝቼው አላውቅም። ስለዚህ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ብቻ ሄዶ እንዲመለስ አልስማማም። ከሚሄዱት መካከል ቢያንስ አንዷ ፈታይ፣ አንዱ ሸማኔ ይሁን።

ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ይዤ መቀመጥ የእኔ ሥራ አይደለም። አንድ ድርጅት በማሳያው ላይ አንድ ወንበር ከሰጠኝ ግን እንዝርቴን ይዤ ቀኑን ሙሉ እፈትላለሁ። ሰው ሲፈተል ካየ ቆሞ ይጠይቃል።

ጸሐፊው፦

እህታችን ያለችው በረቂቁ ላይ የመጀመሪያ አንቀጽ ሆኖ ይግባ። በእጅ የሚሠራ ነገር በዓይን ሲታይ ሰው እንደሚቆም እሙን ነው፤ ቦታ የተከራየ ድርጅትም የሚፈልገው ሰው እንዲቆምለት ነው። ቦታ ለተከራየ ድርጅት አዘጋጁ ለሠራተኞቹ የሚሆኑ የመግቢያ ባጆችን ይሰጠዋል። የቤት ማስጌጫ ወይም የዕደ ጥበብ ውጤት ለሚያሳይ ድርጅት ቀድመን ደብዳቤ ጽፈን «ባለሙያ እንልክላችኋለን፣ እናንተ ባጅና ወንበር ስጡን» ብንል ሁለታችንም እንጠቀማለን። ደብዳቤው ግን ኤግዚቢሽኑ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ወራት ሲቀሩት መድረስ አለበት።

አባል፣ መሐል ሜዳ (በግ አርቢ)፦

ልጆቼ፣ ያልተገላበጠ ያራል ነውና እኔም ላገላብጠው። የፈትሉ ነገር ጥሩ ነው። በጉስ? በእንስሳት ኤግዚቢሽን ላይ ከምታገኟቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚመጡ ሥጋ ላኪዎች ናቸው። እነሱ የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል እያሉ የቆላውን በግ እንደሚያስቀድሙ ሁላችንም ሰምተናል። ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ሄደው «የመንዝ በግ ግዙን» ቢሉ አፍረው ይመለሳሉ። መልሱን ይዘው ይሂዱ። የእኛ በግ ሰውነቱ ትንሽ ቢሆንም ብርዱን፣ የግጦሽ እጥረቱን ይችላል፤ ላቱም፣ ሱፉም አለው። የምንሸጠው ለአገር ውስጥ ገበያ፣ ለሱፍና ለዘር የተመረጠ አውራ ነው። ላኪውን አክብረው ሰላም ብለው ወደ ሌላው ይለፉ።

ሁለተኛ፣ መንገዱን አትርሱ። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና በመብራት ነው የሚሳበው። መንገዱ ክፍት መሆኑም ዋዜማውን ይጣራ። ጠዋት የሚጀመር ሥራ ያለበት ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ደብረ ብርሃን ይደር፤ ከዚያ የሚቀረው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

አባል፣ ደብረ ብርሃን (የእንስሳት ሳይንስ መምህር)፦

አባታችን ያነሱት ነጥብ በኤግዚቢሽኑ ጉባኤ ላይ የሚቀርብ ልምድ ይወጣዋል። በመንዝ በማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚካሄደው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ከኢካርዳ (ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል) እና ከአገራችን የምርምር ተቋማት ጋር በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ነው። አርቢዎች መንጋቸውን አስመዝግበው፣ ጠቦቶቹን አስመዝነው፣ የተሻሉትን አውራዎች ራሳቸው መርጠው በጋራ ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል ከደብረ ብርሃንና ከአመድ ጉያ የበግ ብዜት ማዕከላት የአዋሲ (ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ የበግ ዝርያ) ድቅል አውራዎች ለአርቢው ሲሰራጩ ቆይተዋል። ሁለቱንም መንገድ በገዛ በረቱ ያየ አርቢ ከእኛ አካባቢ ውጭ በብዛት አይገኝም። ጉባኤ አዘጋጆች የተመራማሪ ጽሑፍ አያጡም፤ አርቢው ራሱ ቆሞ አውራውን በምን ዓይን እንደመረጠ ሲናገር ግን ሁሉም ያዳምጣል።

ተናጋሪ ሆኖ የተመረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ አይከፍልም። ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ነው፦ ርእሱ ምንድን ነው፣ ምን ታየ፣ አድማጩ ምን ይዞ ይሄዳል። አባታችን ይናገሩልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስማቸው ግን ከእኔ ስም በፊት ይቀመጥ።

አባል፣ አዲስ አበባ (የሞላሌ ተወላጅ)፦

እዚህ ስለምኖር በበጎ ፈቃደኝነት በኩል ልረዳ እችላለሁ። በሚሊኒየም አዳራሽም ሆነ በሌሎች አዳራሾች ትልልቅ ዝግጅት ሲኖር እንግዳ የሚቀበል፣ ባጅ የሚያድል፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሰው ይፈለጋል። ለእንስሳት ኤግዚቢሽን ደግሞ በግ ይዞ የሚቆም፣ የሚያጠጣ፣ ሳይደነግጥ የሚያንቀሳቅስ ሰው በከተማ በቀላሉ አይገኝም። ይህን የእኛ ልጆች በልጅነታቸው ነው የለመዱት።

ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ መመደብ የተሻለ ነው እላለሁ፤ የሚገባው ሰው ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ ማን ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ፈረቃውን ስንጠይቅ የጠዋቱን እንጠይቅ፤ ከሰዓት በኋላ ነፃ ሆነን አዳራሹን እንዞራለን። አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ የጋዜጠኛ ባጅ መጠየቅ። ማኅበራችን የቴሌግራም ቻናል ስላለው «መገናኛ ብዙኃን ነን» ብንል የሚያስገቡን ይመስለኛል።

ጸሐፊው፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ሐሳብ አልቀበላትም፤ ምክንያቱን በግልጽ ልናገር። ጋዜጠኛ አይደለንም። ለሰው የምንሰጠው የመጀመሪያ ቃል ሐሰት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ያ አዘጋጅ በየትኛው ፊታችን ያየናል? እኛ የምንፈልገው የአንድ ቀን መግቢያ ሳይሆን ስማችንን ሲሰማ «እነዚያ የመንዝ ሰዎች ታማኞች ናቸው» የሚል ሰው ነው። በዚሁ አያይዤ፣ ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ የተመደበ አባል የጎብኚዎችን ስምና ስልክ ገልብጦ እንዳያመጣ። መዝገቡ የአዘጋጁ ነው። ሰውየውን ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ አግኝቶ ራሱን አስተዋውቆ ስልኩን መጠየቅ ይቻላል፤ ፈቃደኛ ከሆነ ይሰጣል።

የአዲስ አበባው አባል፦

ተቀብያለሁ። የበጎ ፈቃደኞችን ጥሪ እከታተላለሁ፤ ሲወጣ እዚሁ አሳውቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን፦

«በነፃ» የምትለዋ ቃል በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ክርክር እንዳታመጣ ቀድሜ ልናገር። መግቢያው ነፃ ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምሳው ነፃ አይደለም። በጎ ፈቃደኛ ለሚሆነው አዘጋጁ ምሳ ሊችል ይችላል፤ ለሌላው አይደለም። ማኅበሩ ከሦስት ሰው በላይ የመላክ አቅም የለውም። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ይደር፣ የሌለውን እዚያ ያሉ አባላት ያሳድሩ። ትራንስፖርቱን ማኅበሩ ይችላል፤ ደረሰኝ ያልመጣበትን ግን አላወራርድም። የምትሄደዋ እናት ከሆነች ቤቷን የሚጠብቅላት፣ በጎቿን የሚያግድላት ሰው መገኘት አለበት። ይህም ወጪ ነው፤ እንደ ወጪ ይያዝ። አለበለዚያ የፈታይዋ ወንበር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፣ ሁልጊዜም የሚሄዱት እነዚያው ሰዎች ይሆናሉ።

ፈታይዋ፣ ሞላሌ፦

እትዬ፣ ይህችን ያነሳሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ለመናገር ከብዶኝ ነበር።

ጸሐፊው፦

የገንዘብ ያዣችን ሐሳብ እንዳለ ይገባል።

አሁን ብዙ ጊዜ ችላ ወደምንለው ነገር ልምጣ፤ ለእኔ የዚህ ዕቅድ ዋናው ክፍል ይህ ነው። አዳራሽ ገብቶ ብዙ ካርድ ሰብስቦ መመለስ ትውውቅ አይባልም። ሦስቱ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት የተሳታፊ ድርጅቶችን ዝርዝር አንብበው ማንን እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ ጥቂት ቢሆኑም ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ይዘጋጅ። ለምንጣፍ ሠሪው «የሚሻክር ሱፍ ትወስዳላችሁ? በምን ያህል ጊዜ? ታጥቦ ነው ሳይታጠብ?» የሚል ጥያቄ ከሃያ ደቂቃ ንግግር ይበልጣል። ጎብኚ በሚበዛበት ሰዓት ለድርጅቱ የሚወስነው ሰው ስለማይገኝ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ወይም በመጨረሻው ቀን ከሰዓት መሄድ ይሻላል።

የምንይዘው ናሙና እንዲህ ይሁን። በመዳፍ ልክ በተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ላይ አራት ነገር ይሰፋል፦ ሳይታጠብ የተሸለተ ሱፍ፣ ያው ሱፍ ታጥቦ፣ ከእሱ የተፈተለ ክር፣ በመጨረሻም ከዚያው ክር የተሸመነች ትንሽ ቁራጭ። ነጩ፣ ቡናማውና ጥቁሩ ለየብቻቸው ካርቶን ይኑራቸው፤ ቀለም ያልተነከሩ፣ በግ ላይ እንደበቀሉ ናቸው። ሰው በጣቱ ሲያሻሸው ከጥሬው እስከ ባናው ድረስ ያለውን ሥራ ያያል። ከጀርባው የማኅበሩ ስልክ፣ የሚገኝበት ወረዳና ሱፉ የሚሸለትበት ወር ይጻፍ።

ማታ ማታ ደግሞ ማስታወሻ ይጻፍ፤ ያገኘነው ሰው ማን ነው፣ ምን ጠየቀን፣ እኛስ ምን ልንልክለት ቃል ገባን። የመጨረሻዋ ዓምድ ከሁሉ ትበልጣለች። ቃል የተገባው ናሙና በሳምንቱ ውስጥ ካልተላከ የተዋወቅነው ሰው ይረሳናል፤ ቢያስታውሰንም በመጥፎ ያስታውሰናል። መዝገቡ የማኅበሩ እንጂ የሄደው ግለሰብ እንዳይሆን ቅጂው ለእኔ ይሰጥ።

መምህሩ፦

አንድ ጭማሪ አለኝ። የአገር አቀፉን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኤግዚቢሽንና ባዛርም በዕቅዱ ውስጥ እናስገባው። ዩኒየኖች (የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጣምረው የሚያቋቁሟቸው) በራሳቸው ቦታ ስለሚሳተፉ ከዞናችን የሚሄደውን ዩኒየን ጠይቀን ናሙናችንን በጎኑ ማስቀመጥ እንችላለን። ለመጀመሪያ ልምምድም ከዚያ መጀመር ይሻላል፤ ሁሉም በቋንቋችን ስለሆነ ፈታይዋም አርቢውም ያለ አስተርጓሚ ይናገራሉ።

የመሐል ሜዳው አርቢ፦

ከመምህሩ ጋር አልስማማም። ባዛሩ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን እዚያ የምናገኘው እንደኛው አምራች ነው። ያለን ገንዘብ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ ወደ እንስሳት ኤግዚቢሽኑ ይሁን።

ጸሐፊው፦

ይህን ልዩነት እኔ አልፈታውም፤ ሁለቱም አማራጮች ከነምክንያታቸው ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረቡና ድምፅ ይሰጥባቸው። በቀረው ተስማምተናል፦ ሦስት ሰው፣ ከእነሱም አንዷ ፈታይ፣ አንዱ ሸማኔ ወይም አርቢ፤ በትክክለኛ ስማችንና ሙያችን ብቻ መመዝገብ፤ የቤት ጠባቂ ወጪ መያዝ፤ የናሙና ካርቶንና የቃል መዝገብ። ለማሳያ ድርጅቶች የሚላከውን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ፤ የልምድ ማመልከቻውን መምህሩና አባታችን፣ የወጪ ዝርዝሩን እትዬ፣ የካርቶኑን ሥራ የሞላሌ ቡድን ይያዙ።

ፈታይዋ፣ ሞላሌ፦

ካርቶኑን እንሠራለን። ነጭና ቡናማ ሱፍ እጄ ላይ አለ፤ ያልታጠበ ጥቁር ግን የለኝም። መሐል ሜዳ ያላችሁ ጥቁር በግ ስትሸልቱ ሳታጥቡ ለይታችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልኝ፤ ከገላው ላይ ያለውን እንጂ የሆዱንና የእግሩን አትቀላቅሉብኝ።