አባቴ የወረዳ አፈ ጉባኤ ነው፤ «60 ሞልቶሃል» ተብሎ ደመወዙ ቆመ። ነገ ምን ይዤ ልሂድ?

የቢቸና ልጅ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ። አባቴ የወረዳ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነው፣ ምሥራቅ ጎጃም። ሰሞኑን ደመወዝ ሊወስድ ሲሄድ ስሙ ፔሮል ላይ የለም። «60 ሞልቶዎታል፣ ጡረታ ወጥተዋል» አሉት። ጡረታ ሲሄድ ደግሞ «ማህደርዎ አልመጣም»። ቤት ተቀምጦ «የመረጠኝ ሕዝብ ነው፣ ሕዝብ ሳያወርደኝ ማን ያወርደኛል?» እያለ ይሟገታል። ተመራጭ ጡረታ ይወጣል እንዴ? ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ጮቄ ማዶ፦
ማህደሩን አስልኩት።

ፍርድ አዋቂ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። ውክልና እና ቅጥር ለየቅል ናቸው። ቅጥር የሚያልቀው በዕድሜ ነው። ውክልና የሚያልቀው በምርጫ፣ በመልቀቅ ወይም መራጩ እምነት ሲያጣ ነው። የምርጫ ሕጉ ከታች እንጂ ከላይ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። የ80 ዓመት ሽማግሌም ይመረጣል። ስለዚህ አባትህ እውነት አላቸው። ደብዳቤው የምክር ቤቱን ወንበር ነው ያነሣው ወይስ ደመወዙን ብቻ? ይህ ካልተለየ ሁሉም...

አረቄ ነጋዴ፦
ፍርድ አዋቂ፣ ልጁ ነገ ጠዋት ነው የሚሄደው፤ አንተ ስትጨርስ እሱም 60 ይሞላዋል 😂

ዳሞት፦
ቆይ፣ መቼ ነው የተመረጡት? የወረዳ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ነው። ዘመኑ 5 ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። እና አባትህ አሁን «ሕዝብ መረጠኝ» ሲሉ የትኛው ሕዝብ ነው? ያኔ የመረጣቸው ግማሹ አፈር ለብሷል። ሰው አክባሪ ነኝ፣ ግን ጥያቄው ከመነሻው ልክ አይደለም።

የቢቸና ልጅ፦
አዎ በ2005 ነው። ምርጫ ያራዘመው እሱ አይደለም እኮ። እኔ የምጠይቀው ስለ ጡረታው ነው።

ጮቄ ማዶ፦
አልኩህ እኮ። ማህደሩን አስልኩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እኔም ወጥቼበታለሁ፤ ረጋ ብለህ ስማኝ። የጡረታ አዋጁ (በፊት 714/2003፣ አሁን 1267/2014) «የመንግሥት ሠራተኛ» ሲል ተሿሚውንም የሕዝብ ተመራጩንም ይጨምራል። ቁም ነገሩ ግን ደመወዙ ላይ ነው። ለስብሰባ መጥቶ አበል ተቀብሎ የሚሄድ የምክር ቤት አባል ሌላ፣ ሙሉ ጊዜውን ደመወዝ እየበላ የሚሠራ አፈ ጉባኤ ሌላ። አባትህ ከምክር ቤቱ በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ይህን ሳትነግረን ነው የጮህከው። የጡረታ መዋጮ ይቆረጥባቸው ነበር? ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው። የድሮ ፔሮል ላይ ታየዋለህ።

የቢቸና ልጅ፦
ይቅርታ የኔታ። መምህር ነበር። በ1984 ተቀጥሮ 21 ዓመት አስተምሯል። ከዚያ 13 ዓመት ምክር ቤት። መዋጮውን አላየሁም።

ጡረተኛው መምህር፦
በል እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ማህደራቸው ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ ግማሹ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ግማሹ ምክር ቤት። ሁለቱ ካልተገናኙ 13ቱ ዓመት ሜዳ ላይ ይቀራል።
ስሌቱን ልንገርህ። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የደመወዝ አማካይ ይያዛል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ጣሪያው 70 ነው። 34 ዓመት ሙሉ ከተያዘላቸው 60 በመቶ ይደርሳል። 21ዱ ብቻ ከተያዘ 43.75። አማካዩ 10,000 ብር ቢሆን 6,000 እና 4,375 ማለት ነው። በየወሩ ልዩነቱን፣ 1,625 ብር ነው የምታጣው። ለዚህ ነው መሟገት ያለብህ፣ ለወንበሩ አይደለም።
ደግሞ ስሌቱ በዋናው ደመወዝ ብቻ ነው። የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል አይገባም። ሹም የነበረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

አረቄ ነጋዴ፦
መኪናዋንስ ይቆጥሯታል? 😂

ዓባይ በረሃ፦
ለተሰናባች ባለሥልጣን ልዩ ጥቅም የሚሰጥ አዋጅ አለ፣ 653/2001። ቤት፣ መኪና፣ መቋቋሚያ... እሱን ይጠይቁ!

ዳሞት፦
እሱ ለፌዴራል ነው፤ ለሀገር መሪ፣ ለሚኒስትር፣ ለፓርላማ አባልና ለዳኛ። የወረዳ አፈ ጉባኤ በእሱ ቢሄድ ስቀው ነው የሚመልሱት። የየኔታን መንገድ ያዝ።

ማር ቆረጣ፦
ዕድሜውንም እይ። የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት ነው። የክርስትና ካርድ ይዘህ «ገና 58 ነው» ብትል የሚሰማህ የለም። የእኔ አባት መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ሁለት ዓመት ጨመረ፤ ሲወጣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወጣ። ያን ጊዜ ብልጠት መስሎት ነበር።

የቢቸና ልጅ፦
ኧረ አባቴም እንዲሁ ብሎ ነበር መሰለኝ!! እጠይቀዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ነገ ይዘህ የምትሄደው፦ የ1984ቱ የቅጥር ደብዳቤ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የአገልግሎት ማስረጃ፣ በምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆኑበት ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ፣ መዋጮ የተቆረጠበት ፔሮል፣ የሕይወት ታሪክ ፎርም። አገልግሎታቸው ተራዝሞ ከሆነ የማራዘሚያው ደብዳቤም። ምክር ቤቱ ለጡረታ የላከው መሸኛ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፍ። የሚሰጥህን ሁሉ ኮፒ አድርግ፤ ዋናውን ለማንም አትተው። መንገዱ እንደምታውቀው ነው፣ ሁለቴ እንዳትመላለስ።

ጮቄ ማዶ፦
እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ?

ፍርድ አዋቂ፦
የወንበሩ ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም።

የቢቸና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ የኔታ። አባቴ «ፔሮሉን ራሴ ነበርኩ የምፈርመው፣ ተቆርጧል» አለ። ስለ ዕድሜው ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ነገ ማታ እነግራችኋለሁ።

ፍኖተ ሰላም፦
ሰላም። የእኔም እናት ተመራጭ ነበሩ፣ እንዲሁ አጣብቂኝ ውስጥ ነን። የቢቸና ልጅ፣ ምን ሆነላችሁ? 13ቱን ዓመት ያዙላችሁ?

ፍኖተ ሰላም፦
አለህ ወይ?