አንድ ሰው ላይ ብቻ የተሰራ ጥናት ውጤቱ ይታመናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ ለመመረቂያ ጽሁፌ በትምህርት ሰዓት ቶሎ ቶሎ ከወንበሩ የሚነሳ አንድ ተማሪ ላይ የነጥብ ሽልማት ሞክሬ ለውጡን ልለካ ነበር፣ አማካሪዬ ግን ኮንትሮል ግሩፕ (ሽልማቱን የማያገኝ ማወዳደሪያ ቡድን) የለህም፣ ጥናቱ ቫሊዲቲ (ተአማኒነት) የለውም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ 1፦ ኮንትሮሉማ ልጁ ራሱ ነው እኮ! መጀመሪያ ምንም ሳትነካ ቤዝላይን ትወስዳለህ፣ ማለትም ያለ ሽልማት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ትቆጥራለህ፣ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጠብቅ፣ በጣም ወሳኝ ነው፣ ከዛ ሽልማቱን ታስገባለህ፣ ታነሳለህ፣ መልሰህ ታስገባለህ፣ ኤ-ቢ-ኤ-ቢ የሚሉት ማለት ነው (ኤ ያለ ሽልማት፣ ቢ ከሽልማት ጋር)። ስታስገባ መነሳቱ ወዲያው ከቀነሰ፣ ስታነሳ ከተመለሰ፣ ደግመህ ስታስገባ ከቀነሰ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። ኤ-ቢ ብቻ ከሆነ ግን አማካሪህ ልክ ናቸው፣ ለውጡ ቢያንስ 3 የተለያየ ጊዜ ላይ መታየት አለበት።

መልስ 2፦ ከላይ ባለው እስማማለሁ ግን ንባብ ምናምን ብታስተምረው ኖሮ የተማረው ስላቆምክ አይጠፋም፣ ለሱ መልቲፕል ቤዝላይን ነው የሚሻለው፣ 3 ልጆች ይዘህ በተለያየ ጊዜ ትጀምርላቸዋለህ። ደሞ ብቻህን አትቁጠር፣ ሁለተኛ ሰው ለብቻው ይቁጠርና አስተያዩት።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ለሌሎች ተማሪዎችም ይሰራል ብዬ ግን መጻፍ እችላለሁ?

መልስ 1፦ ከአንድ ልጅ ተነስተህማ አይሆንም፣ እሱ የሚመጣው ሌሎች ሰዎች ሌላ ቦታ ሌሎች ልጆች ላይ ደጋግመው ሲያገኙት ነው። ስለዚህ የልጁን ሁኔታና አሰራርህን በደንብ ዘርዝረህ ጻፍ፣ ሌላው እንዲደግመው።