ፋራሚርን ምን አደረጉት? መጽሐፉን አንብባችሁ ፊልሙን ያያችሁ ኑ እስቲ

ማታ አንባቢ (ጠያቂዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ሁለተኛ ፊልም አየን። እኔ የቶልኪንን መጽሐፍ ሁለቴ ጨርሼዋለሁ፤ እሱ ገልጦት አያውቅም። የጦር አለቃው ፋራሚር ቀለበቱን የተሸከመውን ፍሮዶን አስሮ ወደ ኦስጊሊያት ከተማ ሲነዳው ወንድሜ «ይሄኛውም እንደ ወንድሙ እንደ ቦሮሚር ሌባ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ሪሞቱን አንስቼ ፊልሙን አቆምኩት። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ፋራሚር ጥብቅና ቆምኩ።

መጽሐፉ ላይ ፋራሚር ፍሮዶ የያዘውን ዕቃ መንገድ ዳር ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሳው ይናገራል። ይህን ሲል ዕቃው ምን እንደሆነ ገና በትክክል አላወቀም። ቆይቶ የፍሮዶ ጓደኛ ሳም አፉ ያመልጠውና ዕቃው ቀለበቱ መሆኑን ይናገራል። ያኔም ፋራሚር ቃሉን ይጠብቃል። በጣም የምወደው ቦታ እሱ ነው።

ቢቆርጡ አልናደድም። ዘፋኙ ቶም ቦምባዲል ፊልሙ ላይ የለም? ይቅር። ከፍሮዶ ዘመድ ከቢልቦ የልደት ድግስ እስከ ፍሮዶ መውጣት መጽሐፉ ላይ 17 ዓመት ነው፤ ፊልሙ ላይ እልም ብሎ ያልፋል። እሱም ይቅር። ሰው ሲገለብጡብኝ ግን ይከነክነኛል። ለመጽሐፉ ታማኝ የሆነ ፊልም የሚባል ነገር አለ ወይስ ዝም ብዬ ነው የምደክመው?

ቆራጩ፦
እኔ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የሰርግ ነው፣ አትሳቁ። ኬኩ የተቆረጠው መሀል ላይ ቢሆንም እኔ ወደ መጨረሻ እወስደዋለሁ፤ አለበለዚያ ቪዲዮው ማለቁ አይታወቅም።

የፊልሙን ዳይሬክተር ጃክሰንንም ይሄ ነው የገጠመው። መጽሐፉ ላይ ሁለተኛው ቅጽ የሚዘጋው በሸረሪቷ በሼሎብ ነው። እሱ ሼሎብን ወደ ሦስተኛው ፊልም አሻገራት። ታዲያ የፍሮዶና የሳም ጉዞ በምን ይዘጋ? ደግሞም ቀለበቱ ያየውን ሁሉ ሲያሳብድ ከርሞ አንድ ሰው «አልፈልግም፣ ሂዱ» ቢል፣ እንደ ወንድምሽ ያለ ተመልካች «ለካ ቀላል ነው» ይላል። የተራዘመውን ቅጂ ፈልጊ። የፋራሚር አባት ታላቁን ልጁን ቦሮሚርን እንዴት እንደሚያቆላምጠው፣ ፋራሚርን እንዴት እንደሚያንኳስሰው እዚያ ላይ አለ። ያን ካየሽ ልጁ ለምን እንደተፈተነ ይገባሻል።

የድሮ ሬዲዮ፦
ልጄ፣ እኔ ይህን ፊልም አላየሁም። ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቻለሁ። መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ እስከ መጨረሻው አብሮኝ አነበበ። የራሴ በዛብህ የለኝም። የወጋየሁ ነው ያለኝ። አልከፋኝም፤ ቀድመሽ ማንበብሽ ግን እድል ነው።

ሦስተኛ ቁርስ፦
ፊልም ሠሪዎቹ መጽሐፉን የቀየሩት «ጊዜ አጥሯቸው ነው» የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። «ዘ ሆቢት» እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ አንድ የቶልኪን የልጆች መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ፊልም ሠሩበት! ጊዜ ሲተርፋቸው ምን አደረጉ? መጽሐፉ ላይ የሌለች ታውሪኤል የምትባል ኤልፍ ፈጥረው ከድንክ ጋር በፍቅር ጣሏት።

ግን ልመን፤ ቦሮሚርን አሳምረውታል። መጽሐፉ ላይ ሲዋጋ አናየውም። ጓደኛው አራጎርን ሲደርስ ዛፍ ተደግፎ፣ ሰውነቱ በቀስት ተወግቶ ያገኘዋል። ፊልሙ ግን እዚያው ያቆመናል። አንደኛው ቀስት ይመታዋል፣ መዋጋቱን አይተውም። ሁለተኛው ይመጣል፤ ይንበረከካል፣ ይነሳል። መጽሐፉን ስንቴ አንብቤ ያላለቀስኩትን እዚያ ላይ አለቀስኩ። የተጨመረ ነው፣ ግን ከቦሮሚር የወጣ ነው። ታውሪኤል ከየት ወጣች?

ማታ አንባቢ፦
@የድሮ ሬዲዮ፣ አባቴ እግዜር ይስጥልኝ፤ የእኔ ፋራሚር እንዳልተነካ አሁን ገባኝ። የተነካው የወንድሜ ነው።

@ቆራጩ፣ የተራዘመውን አየሁት። አባትየው ለብቻው ያናድዳል፣ ልጁን አዘንኩለት። ግን ተፈትኖ ማለፉን እኮ መጽሐፉም ያሳያል፤ ኦስጊሊያት ድረስ መጎተት ግድ ነበር? አሁንም አልዋጥ አለኝ።

@ሦስተኛ ቁርስ፣ በቦሮሚር ተስማምተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድሜ ክርክሬ ሰልችቶት መጽሐፉን ወሰደ። ትናንት ሌሊት እንዲህ የሚል መልእክት ላከልኝ፦ «ይሄ ቢጫ ጫማ ያደረገ ዘፋኝ ሰውዬ መቼ ነው ዝም የሚለው?»