ባክቴሪያ የሚገድል ማሸጊያ ለሞርታዴላ ያዋጣል?

ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ፦
ጤና ይስጥልኝ። የበሬ ሞርታዴላ አብስለን፣ ቆራርጠን፣ በቫኪዩም አሽገን ለሱፐርማርኬቶች እናስረክባለን። አንድ አስመጪ ኒሲን የተቀባ ፕላስቲክ አምጥቶልናል። «ሊስቴሪያን (በምግብ በኩል ሰውን የሚያሳምመውን ባክቴሪያ) ይገድላል፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም» ይላል። ዋጋው ግን ከተራው በጣም ይወደዳል። ልግዛው?

የምግብ ላብራቶሪ ባለሙያ፦
ኒሲን ራሱ ማታለያ አይደለም። ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ሲሆን የሊስቴሪያን ሽፋን ይበሳዋል። ሳልሞኔላንና ኢ. ኮላይን ግን ብቻውን አይችላቸውም። ደግሞም የሚሠራው ፕላስቲኩ በነካው ገጽ ላይ ነው። የእርስዎ ሞርታዴላ ተደራርቦ ስለሚታሸግ መሀል ያሉትን ቁራጮች አይደርስባቸውም፤ የሥጋው ስብም ኒሲኑን ይይዝበታል። ሻጩን በእርስዎው ምርት ላይ የተሠራ የሙከራ ውጤት ይጠይቁት። ከሌለው አይግዙ።

የመብራቱን ነገር ግን በፍጹም አይመኑት! አየር በሌለበት እሽግ ውስጥ ሙቀት ከገባ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውም ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ገንዘቡን ለፍሪጁ ጄኔሬተር ያውሉት።

ከጆሃንስበርግ፦
እህቴ፣ እዚህ በ2018 ፖሎኒ ከየሱቁ ሲነሣ ነበርኩ። ፖሎኒ ማለት ከሞርታዴላ ብዙም የማይለይ ነው። በሊስቴሪያው ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞቱ፤ ከታመሙት መካከል ብዙ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። ባክቴሪያው የተገኘው ፋብሪካው ውስጥ፣ ሥጋው ከበሰለ በኋላ በሚያልፍበት ክፍል ነው። በሽታው ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋልና እባክሽ ነፍሰ ጡሮችን አስቢ።

የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ከሜሪላንድ፦
ቁም ነገሩ እሱ ነው። ሊስቴሪያ በደንብ ሲበስል ይሞታል፤ ተመልሶ የሚገባው ሲቆረጥና ሲታሸግ ነው። ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። ስለዚህ መቁረጫ ማሽኑን በየቀኑ ፈታትቶ ማጠብ ያስፈልጋል፦ የምላጩን ጀርባ፣ የመከለያውን ጎማ፣ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር። የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ በኃይለኛ ውሃ አትምቱት፤ ፍንጣቂው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ከነዚህ ቦታዎች በጥጥ ናሙና እየወሰዳችሁ አስመርምሩ።

ከዚያ በኋላ ተጨማሪ መከላከያ ከፈለጋችሁ ከተቀባው ፕላስቲክ ይልቅ ላክቴትና ዳይአሴቴት የተባሉትን የምግብ መጠበቂያ ጨዎች ሳይበስል የሥጋው ሊጥ ውስጥ መጨመር ይሻላል፤ መሀሉም ድረስ ይደርሳል። አይገድልም፣ እድገቱን ግን ይገታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣዕሙን አይለውጠውም?

የጥራት ተቆጣጣሪ፦
ላክቴት ሲበዛ ጨው ጨው ይላል፣ ጨዉን ቀንሱለት። ዳይአሴቴት ደግሞ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፤ እዚህ አሜሪካ ከ0.25 በመቶ አይበልጥም። የአገራችሁን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደንበኞቻችሁ ከተቀበሏችሁ ደግሞ ግማሹን ምርት ሳትቆርጡ፣ በበሰለበት ከረጢት እንደታሸገ በትንንሹ ሽጡ። ከበሰለ በኋላ እጅም ምላጭም አይነካውም።