«ዊሽ ዩ ወር ሂር» የተዘፈነለት ሰው ሞቶ ነው?

ባለ ስድስት ክር፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጊታር መማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ፤ አስተማሪዬ ይህን የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን ዘፈን ሰጠኝ፤ ርእሱ «ምነው እዚህ በነበርክ» እንደማለት ነው። መግቢያው በአሮጌ ሬዲዮ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ ከዚያ ሌላ ጊታር ጥርት ብሎ ይገባበታል። ግጥሙ ግን ግራ አጋባኝ። ናፍቆት ነው ይሉታል፣ እኔ የማየው ጥያቄ በጥያቄ ነው። የናፈቀ ሰው ጓደኛውን እንዲህ ያፋጥጣል? ሰውየው ሞቶ ነው ወይስ ተጣልተው?

ካሴት ሻጩ፦
ወንድሜ፣ ድሮ ካሴት ስሸጥ ሁሉም የሚጠይቀኝ ሌላውን አልበማቸውን «ዘ ዎል»ን ነበር፤ ስለዚህኛው የጠየቀኝ የለም። ደስ አሰኘኸኝ።

ያኔ አልሞተም። ሲድ ባሬት ይባላል፤ የባንዱን ስም ያወጣውም፣ የመጀመሪያ ዘፈኖቹን አብዛኞቹን የጻፈውም እሱ ነው። አእምሮው ሲታወክ (ኤልኤስዲ የሚባለው አደንዛዥ ዕፅም አላገዘውም) መድረክ ላይ ጊታሩን አንግቶ ዝም ብሎ መቆም አመጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ሳውዝሃምፕተን ለሥራ ሲሄዱ መኪና ውስጥ «ሲድን እንውሰደው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ይቅር ተባለ። ሳይወስዱት ሄዱ፤ ከባንዱ የወጣው እንዲህ ነው።

በ1975 ይህ ዘፈን ያለበትን አልበም ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲሠሩ አንድ ወፍራም ሰው መጣ፣ ፀጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቷል። ማን እንደሆነ ቶሎ ያወቀው የለም። ሲድ ነበር! ያን ቀን የያዙት ደግሞ ለእሱ የተጻፈውን ሌላውን ዘፈን፣ «ሻይን ኦን»ን ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች፣ የዘፈኑን ግጥም የጻፈው ሮጀር ዋተርስ አለቀሰ ይባላል።

ጥያቄውን በተመለከተ፣ ዋተርስ ግጥሙ ስለ ራሱም እንደሆነ ተናግሯል። የሚያፋጥጠው ሲድን ብቻ አይመስለኝም።

የሰፈር ትዝታ፦
እና ትዝታ ነው በሉና ገላግሉን 😄

ካሴት ሻጩ፦
አይደለም እመቤቴ። በአብዛኛው ትዝታ ጥሎ የሄደው ሌላው ነው፣ ዘፋኙ ቀሪ ነው። እዚህ ጥለው የሄዱት ዘፋኞቹ ናቸው።

የሌሊት ወፍ፦
ላይቭ 8 የተባለውን ኮንሰርት አትርሱ። ጁላይ 2፣ 2005፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ፣ ያቺ በ77ቱ ረሃብ በሕፃንነቷ ምስሏ ዓለምን ያዳረሰው የኛዋ ብርሃን ወልዱ መድረክ ላይ የወጣችበት ቀን። ለዓመታት የተኳረፉት ዋተርስና የባንዱ ጊታሪስት ጊልሞር አብረው ተጫወቱ፤ ዋተርስ ይህን ዘፈን እዚህ ለሌሉት ሁሉ፣ በተለይም ለሲድ ብሎ አቀረበው። ሲድ ያኔ ካምብሪጅ በሕይወት ነበር። በዓመቱ አረፈ።

ባለ ስድስት ክር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለካ ጥያቄው ወዲህ ነው! አንድ ነገር ልጨምር፦ መግቢያው በባለ 12 ክር ጊታር ነው አሉ፤ በስድስቱ ያስኬዳል?

ካሴት ሻጩ፦
ያስኬዳል። ከኢ ማይነር ሰቨን ኮርድ ወደ ጂ ኮርድ ስትዞር የቀለበት ጣትህንና ትንሿን ጣትህን ሦስተኛው ፍሬት ላይ እንደያዝክ ተዋቸው፣ አታንሣቸው። ሌሎቹን ብቻ አንቀሳቅስ። መጀመሪያ ቀስ ብለህ።